ማኅተም ያልተመታበት ጉሮሮ

በዚያ ዓመት ብርዱ ከወትሮው ቀድሞ ገባ። ዝናብ የለም። ነፋሱ ከጠዋት እስከ ማታ አቧራ ተሸክሞ ይዞራል። ውሃ በሦስት ቀን አንዴ ይመጣል። ድልድዩ ስለተሰበረ የጭነት መኪና ከተማ ሳይገባ ሰባት ሳምንት አለፈ። መጀመሪያ ስኳር ጠፋ፤ ከዚያ ሳሙና፤ ከዚያ መድኃኒት።

መድኃኒቱ የጠፋው ግን በድልድዩ ብቻ አልነበረም። የሳለው ሁሉ፣ ያነጠሰው ሁሉ፣ ጎረቤቱ ሲያነጥስ የሰማው ሁሉ ወደ መድኃኒት ቤት እየሮጠ ያንኑ ባለ ሁለት ቀለም ካፕሱል ይገዛ ነበር። ሦስት ፍሬ ይውጥና ይሻለዋል። ባይውጥም ይሻለው ነበር። የተረፈውን መሳቢያ ውስጥ ይጥላል። እንዲህ ሆኖ መድኃኒቱ በየሰዉ መሳቢያ ሞልቶ ከየመድኃኒት ቤቱ አለቀ።

በዚህ ክፉ ወቅት ሥራውን ለአንድ ቀን እንኳ ያላስታጎለ አንድ መሥሪያ ቤት ነበር፤ የሚዛንና የመለኪያ ተቆጣጣሪው። በከተማው ያለ ሚዛን፣ ሜትርና ሊትር ሁሉ እዚያ ታይቶ ማኅተም ካልተመታበት ለሥራ አይውልም። የሽንኩርት ሻጯ ሚዛን፣ የልብስ ሰፊው ሜትር፣ የወተት ነጋዴው ጣሳ፣ ሁሉም ተሰልፈው ፍርድ የሚቀበሉት እዚያ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሌላውን እንደሚለካ ሁሉ ራሱንም ይለካ ነበር። ሠራተኛው ሁሉ ደረጃ አለው፤ የሚሰጠው ነገር ሁሉ በደረጃው ነው። ደረጃ አንድ መደገፊያ የሌለው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ደረጃ አምስት እስከ ወገብ የሚደርስ መደገፊያ አለው። ሥራ አስኪያጁ ደረጃ አሥራ አራት ስለሆኑ የወንበራቸው መደገፊያ ከራሳቸው በላይ ያልፋል፤ ከኋላቸው የመጣ ሰው መኖራቸውን የሚያውቀው ሲያስሉ ብቻ ነው።

በዚያ ወቅት ደግሞ በጣም ያስሉ ነበር።

ከምድር ቤቱ ኮሪደር ጫፍ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ቀጥሎ ያለችው ክፍል ክሊኒክ ትባላለች። አንድ አልጋ፣ አንድ ቁም ሣጥንና አንዲት ሲስተር ይዛለች። ቁም ሣጥኑ ሁለት ቁልፍ አለው። አንዱ ሲስተር አንገት ላይ ተንጠልጥሏል፣ ሌላው ሥራ አስኪያጁ መሳቢያ ውስጥ ነው። ሁለቱ ቁልፎች ካልተገናኙ ቁም ሣጥኑ አይከፈትም። በውስጡ የቀረው አንድ ብልቃጥ ነበር፤ ሰማንያ ፍሬ። በከተማው ውስጥ ሳይበተን በአንድ ቦታ የተረፈ መድኃኒት እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ሲስተር ነገር አታበዛም። ጉሮሮዬን አመመኝ ብሎ የመጣውን አፉን አስከፍታ በባትሪ ታያለች፣ ከመንጋጋው ሥር በጣቷ ትዳብሳለች፣ ትኩሳቱን ትለካለች። ከዚያ ያስልህ እንደሆነ፣ አፍንጫህ ይፈስ እንደሆነ፣ ድምፅህ ተዘግቶ እንደሆነ ትጠይቃለች። ሰውየው ሁሉንም አዎ ካለ ጉንፋን ነው፣ ካፕሱሉ ምንም አይሠራለትም ትለዋለች። በሙቅ ውሃ ጨው በጥብጦ እስከ ጉሮሮው እያደረሰ እንዲጉመጠመጥ፣ ብዙ እንዲጠጣ፣ እንዲተኛ፣ በሳምንት እንደሚለቀው ነግራ ታሰናብተዋለች። በሁለት ሳምንት ሠላሳ አራት ሰው እንዲህ አሰናበተች። ሠላሳ አራቱም በሳምንት ዳኑ፤ ሠላሳ አራቱም አኮረፏት። ባዶ እጁን የወጣ ሰው፣ ቢድንም እንደተበደለ ነው የሚቆጥረው።

ሠላሳ አምስተኛዋ ግን ሌላ ነበረች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ልጅ። ከታመመች ሦስተኛ ቀኗ ነው። አትስልም። አፍንጫዋ ደረቅ ነው። ትኩሳቷ ሠላሳ ዘጠኝ። ከመንጋጋዋ ሥር ያሉት እጢዎች አብጠው ሲነኳት ታለቅሳለች። ቶንሲሎቿ ግራና ቀኝ ቀልተው ነጭ ነጭ ጣል ጣል ብሎባቸዋል። ሲስተር ጫፉ ላይ ጥጥ ያለበትን እንጨት ወደ ጉሮሮዋ ሰድዳ ጠረገች፣ በጠብታ ነከረችው፣ መመርመሪያዋን ወረቀት አስቀምጣ ሰዓቷን አየች። አንድ መስመር ከመጣ ባክቴሪያው የለም፤ ሁለት ከመጣ አለ።

ሁለት መጣ።

ሲስተር የልጅቱን እናት ዓይን ቀና ብላ ካላየች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ያኔ አዲስ ተቀጣሪ ነበረች። የዚህችው እናት የበኩር ልጅ በዘጠኝ ዓመቱ በዚሁ በሽታ መጣ። የታዘዘለት ሃያ ፍሬ ነው፤ በቀን ሁለት፣ ለአሥር ቀን። የዚያን ጊዜው የቁጠባ ኮሚቴ ግን ለደረጃ አንድ ልጅ አምስት ቀን ይበቃል ብሎ ወስኖ ነበር። ሲስተር አሥሩን ሰጠች፣ ስለቀሩት አሥር ግን ለእናቱ ምንም አልነገረቻትም። ልጁ በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ወርዶ ኳስ ሲጫወት ታየ፤ ኮሚቴውም ተመሰገነ። በሦስተኛው ሳምንት ጉልበቱ አበጠ። ከዚያ ልቡ። አሥራ አራት ዓመት ሳይሞላው ተቀበረ። እናቱ አንድም ቀን ለምን አላለችም። በየጠዋቱ ክሊኒኩን ስትወለውል ሲስተርን ደህና አደርሽ ትላታለች፤ ሲስተር እግዚአብሔር ይመስገን ትላለች፣ ወለሉን እያየች።

አሁን ሲስተር በጣቷ ቆጠረች። መድኃኒቱ በዘጠነኛው ቀን ከተጀመረ እንኳ ልብን ያድናል። ሦስቱ አልፏል። ሃያ ፍሬ ብላ ጻፈችና ቅጹን ይዛ ወደ ሁለተኛው ቁልፍ ወጣች።

ሥራ አስኪያጁ በመሐረብ አፍንጫቸውን ይዘው፣ በተዘጋ ድምፅ አርባ ሁለት ገጽ ዓመታዊ ሪፖርት እየተለማመዱ ነበር። ጉባኤው ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ቅጹን ከማንበባቸው በፊት አፋቸውን ከፈቱ። ሲስተር ጉንፋን ነው አለቻቸው፤ አላመኑም፤ መመርመሪያው ይምጣ አሉ። ሲስተር አምጥታ ጠረገችላቸው። ሁለቱም ወረቀቱን ከበው ጠበቁ።

«ስንት ሆነ?» አሉ።

«አንድ መስመር ነው። ባክቴሪያ የለብዎትም።»

«አንድ።»

«አዎ ጌታዬ፤ ደግ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ቅጹን አነሡ። «ይቺ የጽዳቷ ልጅ ስንት አመጣች?»

«ሁለት።»

«ዕድሜዋ ስንት ነው?»

«አሥራ አንድ።»

«እኔ እዚህ ቤት ሠላሳ አራት ዓመት አገለገልኩ፣ ሲስተር።»

«አውቃለሁ ጌታዬ።»

«ሠላሳ አራት ዓመት አገልግዬ አንድ። የደረጃ አንድ ልጅ ሁለት።»

«መስመሩ እኮ ማዕረግ አይደለም።»

«ማዕረግ ነው አልወጣኝም» አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ መሐረባቸውን እያጠፉ። «የአሠራር ጥያቄ ነው ያነሣሁት።»

በዚያ ቤት የአሠራር ጥያቄ ከተነሣ ያለ ኮሚቴ አይቀመጥም። በማግስቱ የጉሮሮ ሁኔታ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢ ሥራ አስኪያጁ፣ ጸሐፊና የሙያ አማካሪ ደግሞ ሠራተኛው ሁሉ ግራም እያለ የሚጠራው የማኅተም ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ግራም ሐቀኛ ሰው ነው። ጉቦ በልቶ አያውቅም። አማቱ የላኩለትን ማር ለማኅተም አላመጡልኝም ብሎ የመለሰ ሰው ነው። መመርመሪያዋን ወረቀት በአጉሊ መነጽር ፊትና ጀርባዋን መርምሮ ሲስተርን ይህ ነገር ይለካል ወይስ አይለካም ሲል ጠየቃት። ሲስተር ይለካል አለች። ማኅተማችን የታለ አላት።

ሁለት ቀን ተሰበሰቡ። ቃለ ጉባኤው እስከ ዛሬ አለ፤ ቃሉ እንዲህ ነው፦ «የጉሮሮ መመርመሪያው የመለኪያ መሣሪያ ሆኖ ሳለ በመሥሪያ ቤታችን ያልታየና ማኅተም ያልተመታበት መሆኑ ስለተረጋገጠ፣ እስካሁን የታዩት መስመሮች እንዳልታዩ ተቆጥረው፣ መሣሪያው እስኪጣራ ድረስ የማንኛውም ሠራተኛ የጉሮሮ ሕመም ክብደት በደረጃው ልክ እንዲወሰን በሙሉ ድምፅ ተስማምተናል።» ሙሉ ድምፅ ይበል እንጂ ሰብሳቢው ድምፅ አልነበራቸውም፤ የተስማሙት ራሳቸውን ነቅንቀው ነው።

ብልቃጡም በዚያው ተደለደለ። ለሥራ አስኪያጁ አሥራ ሁለት ፍሬ፣ ለሁለቱ ምክትሎች አሥር አሥር፣ እያለ ይወርድና ደረጃ አንድ ላይ አንድ ይሆናል። ሲስተር እጇን አወጣች። ስለ ልጅቱ ጠየቀች። ግራም መመሪያውን ገልጦ የቤተሰብ አባል የሠራተኛውን ግማሽ ያገኛል አላት።

«ካፕሱል ለሁለት አይከፈልም» አለች ሲስተር። «ውስጡ ዱቄት ነው።»

«በወረቀት ላይ ይከፈላል» አለ ግራም። «ግማሽ ፍሬ እንደሚገባት ደብዳቤ ይጻፍላታል።»

ሲስተር ቆመች። በስብሰባ ላይ ቆማ ስትናገር ያ የመጀመሪያዋ ነበር። ይህ በሽታ በጉሮሮ ገብቶ በልብ እንደሚወጣ፣ ዛሬ ስድስተኛው ቀን እንደሆነ፣ ዘጠኝ ካለፈ ግን ሃያም ሰማንያም እንደማይመልሰው ነገረቻቸው። የልጅቱን ሟች ወንድምም አስታወሰቻቸው። ሁሉም አዘኑ፤ ማዘናቸው እውነት ነበር። ከዚያ ግራም እስክሪብቶውን አንሥቶ የሲስተር ስጋት በቃለ ጉባኤ መያዙን ጻፈ፤ ስጋቱ ተያዘ፤ ሲስተርም ተቀመጠች። እደላው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እንዲሆን ተቀጠረ።

በማግስቱ ጠዋት የጽዳት ሠራተኛዋ ክሊኒኩን ወለወለች። ልጅቱ ሌሊቱን ምራቋን መዋጥ አቅቷት እንዳደረች ተናገረች። ባልዲዋን ይዛ ወጣች። ሲስተር ብቻዋን ተቀመጠች። መስኮቱ ላይ እርሳስ የምታስቀምጥበት ያለቀ ብልቃጥ ነበር። ዓይኗ የተለጠፈው ጽሑፍ ላይ አረፈ፣ ከዚያ አልነሣ አለ። እርሳሶቹን ዘረገፈችና ብልቃጡን ይዛ ወደ ማኅተም ክፍል ሄደች።

ግራም የአንዱን ሥጋ ሻጭ ሚዛን እየፈተነ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ብዬ ነው» አለችው። «እዚህ ላይ አምስት መቶ ሚሊ ግራም ይላል።»

«ይላል።»

«ማን መዘነው?»

ግራም የያዘውን የብረት ክብደት አስቀመጠ። «ፋብሪካው ነዋ።»

«የፋብሪካውን ሚዛን ማን አየው?»

ግራም ብልቃጡን ተቀበላት። አገላብጦ አየው። ከታች አየው። ክዳኑን ከፍቶ ውስጡን አየው።

«ማኅተም የለውም» አለ።

«እኔም እሱን አይቼ ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ አሥራ ሁለቱን ሊውጡ ነው ብዬ ነው።»

«ያልተመዘነ ነገር!»

«ያውም ሆዳቸው ውስጥ።»

ግራም በሃያ ዓመት አገልግሎቱ ሲሮጥ ታይቶ አይታወቅም። ያን ዕለት ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ።

አስቸኳይ ስብሰባው ከምሳ በፊት ተቀመጠ። ግራም ነገሩን አስረዳ። የሽንኩርት ሻጯን ላልታተመ ሚዛን የሚቀጣ መሥሪያ ቤት አመራሩን ያልታተመ ክብደት ካስዋጠ በምን ፊቱ ገበያ ይወጣል አለ። ይመዘን እንዳይባል፣ ሚሊ ግራም የሚመዝነው አንድ ሚዛን ራሱ ማኅተም በመጠበቅ ላይ ሁለት ዓመት አልፎታል። ምክትሎቹ ለመዋጥ ያዘጋጁትን ውሃ ከፊታቸው ገለል አደረጉ። ብልቃጡ ያልተረጋገጠ ንብረት ተብሎ በአስቸኳይ እንዲወገድ ተወሰነ።

«የእኔስ ጉሮሮ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ በሹክሹክታ፤ ከዚያ በላይ አይወጣላቸውም ነበር።

ሲስተር ወረቀት ዘረጋች። ሁለት ከግማሽ ግራም፣ በታተመ ሚዛን የተመዘነ። ሩብ ሊትር ውሃ፣ በታተመ ሊትር የተሰፈረ። ሙቀቱ በታተመ ቴርሞሜትር የታየ። በቀን አምስት ጊዜ እስከ ጉሮሮ እየደረሰ፣ እያንዳንዱ ሠላሳ ሴኮንድ፣ በሰዓት ተይዞ። ግራም ወረቀቱን ሲያነብ ዓይኑ እንባ አቀረረ። በሕይወቱ እንዲህ ልኩ የታወቀ መድኃኒት አላየም።

«ስሙ ማን ይባላል?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«የተመጠነ የሶዲየም ክሎራይድ ሙቅ ብጥብጥ።»

«ለደረጃ አንድም ይሰጣል?»

«አይ ጌታዬ» አለች ሲስተር። «ከደረጃ አሥራ ሁለት በታች የኮሚቴ ፈቃድ የለውም።»

በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

የቀረው የብልቃጡ አወጋገድ ነበር። ማስወገድ የጽዳት ሥራ ነው፤ ይህም በመመሪያ ያለ ነው። ሲስተር የማስወገጃ ቅጹን ሞልታ አቀረበች። የሚወገደው ሃያ ፍሬ፤ በቀን ሁለት፣ ለአሥር ቀን፤ አስወጋጅ የጽዳት ሠራተኛዋ፤ ተቆጣጣሪ ሲስተር። የተረፈው ስድሳ በየጊዜው እንደ አስፈላጊነቱ እንዲወገድ በክሊኒኩ ይቆያል። ሥራ አስኪያጁ ባንድ ጊዜ ለምን አይጣልም ብለው ጠየቁ። ሲስተር ባንድ ጊዜ ማስወገድ አደገኛ እንደሆነ፣ ጀምሮ ማቋረጥም ከዚያ እንደሚብስ ነገረቻቸው። በዕድሜዋ የሐሰት ሰነድ አዘጋጅታ አታውቅም፤ ያን ቀንም አላዘጋጀችም። ፈረሙ። ሁለተኛውንም ቁልፍ ከመሳቢያቸው አውጥተው ሰጧት፤ አደገኛ ነገር በእጃቸው እንዲቆይ አልፈለጉም።

ሰባተኛው ቀን ነበር። ልጅቱ የመጀመሪያዋን ፍሬ ክሊኒኩ ውስጥ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ እያለቀሰች ዋጠች።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ሳምንት ሠራተኛው አይረሳውም። በየሁለት ሰዓቱ ከላይኛው ፎቅ፣ ከየኃላፊው ክፍል፣ ኩሬ ዳር የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ይነሣል። ግራም በኮሪደሩ ቆሞ ሰዓት ይይዛል። አንደኛው ምክትል ባለ ጉዳይ ፊት ተጉመጥምጠው ሠላሳ ሴኮንዱን ሲጨርሱ፣ ባለ ጉዳዩ በአክብሮት ከመቀመጫው ተነሥቷል። ደረጃ አሥራ አንዶች ለእኛም ይፈቀድ ብለው አቤቱታ ጻፉ። ከፈረሙት ውስጥ ሲስተር ከሳምንታት በፊት ያንኑ ጨውና ውሃ በነጻ ስትነግራቸው አኩርፈው የወጡ ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ።

ልጅቱ በሁለተኛው ቀን ትኩሳቷ ወረደ። በሦስተኛው ደህና ነኝ፣ አልውጥም አለች። እናቷ አልተቆጣችም። ከፊቷ ተንበርክካ ዓይን ዓይኗን እያየች እስክትውጥ ጠበቀች። እንዲህ ጠዋትና ማታ፣ አንድም ሳይዘለል፣ ሲስተር ቅጹ ላይ ምልክት እያደረገች፣ አሥር ቀን ሞላ።

ጉባኤው ደረሰ። የሥራ አስኪያጁ ድምፅ ተመልሶ ነበር፤ ጉንፋን ነዋ። አርባ ሁለቱ ገጽ አርባ ስድስት ሆኗል። በተጨመረው አራት ገጽ፣ በአመራሩ ቁርጠኝነትና በልኬት ላይ በተመሠረተ ሕክምና የጉሮሮ በሽታ ከመሥሪያ ቤቱ መቶ በመቶ መጥፋቱን አበሠሩ። ግራም የምስጋና ወረቀት ተቀበለ። ሲስተርም ወረቀት ተቀበለች፤ ማኅተም በሌለው መሣሪያ በመጠቀሟ የተሰጠ የመጀመሪያ ደረጃ ማስጠንቀቂያ ነው። ፈርማ ወሰደች።

በመጨረሻ የጽዳት ሠራተኛዋ ተጠራች። ሥራ አስኪያጁ እጇን ጨብጠው፣ የምስጋና ወረቀትም ሰጥተዋት፣ አደገኛውን ንብረት የት እንዳስወገደችው ለጉባኤው እንድትናገር ጠየቋት።

«ተመልሶ በማይወጣበት ቦታ ነው፣ ጌታዬ» አለች።

አዳራሹ አጨበጨበ።

ሰው ሲበተን እናትየዋ ሲስተርን ኮሪደሩ ላይ ጠበቀቻት። ማንበብ አትችልም። ወረቀቱን ሰጥታት ምን ይላል አለቻት። ሲስተር መነጽሯን አድርጋ አነበበችላት፦ «የተረከበችውን ሃያ ፍሬ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ፣ አንድም ሳታስቀር...»

«እዚያ ላይ ድገሚው።»

«አንድም ሳታስቀር።»

እናትየዋ ወረቀቱን ተቀብላ አጠፈችው። አልሄደችም።

«ያኔ አሥር ቀርቶ ነበር፣ አይደል?» አለች።

ሲስተር ይህን ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለማንም ነግራ አታውቅም። ቀና ብላ አየቻት።

«አሥር ቀርቶ ነበር» አለች።

«አሁን አልቀረም።»

«አልቀረም።»

እናትየዋ ራሷን ነቀነቀች፣ ወረቀቱን ብብቷ ውስጥ ከታ ባልዲዋን አነሣች።